የመስቀል ወፍ የት ትሄዳለች?



ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ድንገት ብቅ ያለን ዘመድ ወይም ጓደኛ ስንቀበል «ምነው እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ሆንህሳ?» እንለዋለን። ይህን አባባል የማያውቅ በመካከላችን የለም። ነገር ግን ከአባባሉ ጀርባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የመስቀል ወፍ በመስከረም ብቻ የምትታይ ከሆነ በቀሩት ወራት የት ትሄዳለች?» የሚል ነው። ይህን ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው እምብዛም የለም። ምናልባት የልጅ ጥያቄ ስለሚመስል ይሆናል። እኔ ግን መልሱን ያገኘሁት ገና በልጅነቴ ነው፤ ያገኘሁበትም መንገድ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለ ወፏም፣ ስለ እፍረቴም፣ ከዚያም ስለተማርሁት ነገር ላጫውታችሁ እወዳለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ በዘንድሮው መስከረም በግቢያችን ያየሁት ነገር ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ጭቃው ሲጠነክር፣ አደይ አበባ በየአጥሩ ሥር ሲፈነዳ የወፎችም ነገር ይለወጣል። ሌላው ዓለም ከበረዶው በኋላ የሚያየውን የጸደይ መጀመሪያ እኛ የምናየው ከዝናቡ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ከመስከረም 26 ቀን የሚጀምረውን ወቅት መፀው ትለዋለች፤ የአበባ ጊዜ ነው። ታዲያ አንድ ማለዳ ሻይ እስኪፈላ ድረስ በረንዳው ላይ ተቀምጬ በግቢያችን የሚታዩትን ወፎች መቁጠር ጀመርሁ።

በመጀመሪያ ያየኋት ድንቢጥ ናት፤ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሆና ትንጫጫለች። ቆርቆሮው ላይ ማጅራቷ ነጭ የሆነ ርግብ ቆማለች። ከጎረቤት ባሕር ዛፍ ላይ ረጅምና ቆልማማ አፍ ያላት ጋጋኖ መንደሩን ሁሉ በሚቀሰቅስ ጩኸት ተነሥታ በረረች። ከማድ ቤቱ ኋላ አፉ እንደ መጥረቢያ የወፈረ፣ ከራሱ በስተኋላ ነጭ ምልክት ያለው ትልቅ ቁራ የተደፋ ፍርፋሪ ይለቅማል። አበባው ላይ ደግሞ አፏ ቀጭንና ጎባጣ የሆነ፣ ፀሐይ ሲነካት እንደተወለወለ ብረት የምታብለጨልጭ፣ የአበባ ወለላ የምትመጥ ትንሽ ወፍ አለች። ከላይ ጭልፊት ክንፏን ዘርግታ ትዞራለች፤ ከታች ሣሩ ላይ ጭራዋን ሳታቋርጥ ከፍ ዝቅ የምታደርግ ሆደ ቢጫ ወፍ ትሮጣለች። ሻዩ ሳይፈላ ሰባት ዓይነት ቆጠርሁ።

በዚህ ግቢ ስኖር ዓመታት አልፈዋል። ሰባቱንም በየቀኑ ሳላያቸው አልቀረሁም፤ ነገር ግን አላየኋቸውም ነበር። ከነዚህ መካከል ያቺ ማጅራተ ነጭ ርግብና ያቺ ጯሂ ጋጋኖ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ያ ወፍራም አፍ ያለው ቁራም ከአፍሪካ ቀንድ አይወጣም። እነርሱን ለማየት ብቻ ውቅያኖስ አቋርጠው የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ እኛ ደግሞ ከጣሪያችን ላይ «እሽ!» ብለን እናባርራቸዋለን። በአገራችን እስካሁን ከ800 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ከመካከላችን ግን አሥሩን በስማቸው ለይቶ የሚጠራ ስንቱ ነው?

ይህን እያሰብሁ ሳለ የስምንት ዓመቱ የአክስቴ ልጅ ከቤት ወጣና ጠጠር አንሥቶ ወደ ድንቢጧ ወረወረ። ሳታት። «ምን አደረገችህ?» አልሁት። «ምንም፤ ወፍ ናት እኮ» አለኝና ሌላ ጠጠር ፈለገ። ልቆጣው አፌን ከከፈትሁ በኋላ መልሼ ዘጋሁት። እኔም በእርሱ ዕድሜ የነበረኝ መልስ ይኸው ነበርና።

እኔ የተወለድሁት በይፋት ቆላ፣ ማሽላ በሚዘራበት አገር ነው። ማሽላ የሚዘራ ሰው ከእርሻው ሥራ ሁሉ የሚከብደው ምን እንደሆነ ቢጠየቅ፣ ማረሱን ወይም ማረሙን ሳይሆን መጠበቁን ሊነግራችሁ ይችላል። ዛላው እሸት ሲይዝ ወፍ ይወርድበታል። ወፍ ደግሞ ማልዶ ይነሣል፤ ጠባቂውም ከወፍ ቀድሞ መነሣት አለበት። በማሳው መካከል በእንጨት ማማ ይሠራል፤ ልጆች ወንጭፍ ይዘው እዚያ ላይ ይወጣሉ። እኔም ጎሕ ሲቀድ ማማው ላይ ወጥቼ ፀሐይ ከፍ እስክትል ስጮኽና ስወነጭፍ ቆይቼ ወደ ትምህርት ቤት እሮጥ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስም እስኪመሽ ድረስ እንደገና ማማው ላይ ነበርሁ።

በዚያን ጊዜ በልቤ አንድ ሕግ ብቻ ነበር፤ ወፍ ሁሉ ሌባ ነው። ትል የሚለቅመውም፣ እህል የሚቆረጥመውም፣ ዝንብ የሚያሳድደውም ለእኔ አንድ ነበሩ። ከዚህ ሕግ ነፃ የነበረችው የመስቀል ወፍ ብቻ ናት። የመስቀል ወፍ የሚባለው ወፍ እንደየአገሩ ሊለያይ ይችላል፤ በእኛ ዘንድ ግን ራሱና ሆዱ የጠቆረ፣ ጉሮሮውና ጀርባው እንደ ፍም የቀላ ትንሽ ወፍ ነው። አዲስ ዓመት ሲቃረብ በረጅሙ ሣር ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ላባውን ነፍቶ፣ ከአንዱ አገዳ ወደ ሌላው እያረገረገ ሲበር የሚነድ ጧፍ ይመስላል። እኔና ጓደኞቼ ቀድሞ ያየው የዓመቱ ዕድለኛ ነው እንባባል ነበር። በእርሱ ላይ ድንጋይ የሚወረውር ልጅ ቢገኝ ሁላችንም ተነሥተን በደበደብነው ነበር። መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲጋመስ ግን ይጠፋብናል። «ሄደች» እንላለን። የት እንደሄደች የጠየቀ የለም።

በጥቅምት መጨረሻ ላይ በአንድ ማምሻ የሆነውን ልንገራችሁ። ቡናማ መልክ ያላቸው ትንንሽ ወፎች በመንጋ ሆነው በማሳችን ጥግ ወረዱ። እነዚህ በጣም የምጠላቸው ነበሩ፤ መልክ የላቸው፣ ዜማ የላቸው፣ ሥራቸው መብላት ብቻ። ወንጭፌን አዙሬ ለቀቅሁት። መንጋው ተነሣ፤ አንዱ ግን ወደቀ። ከማማው ወርጄ በኩራት ሮጥሁ፤ በሩጫ የሚበር ወፍ መጣል በጓደኞቼ ዘንድ ትልቅ ስም ያሰጥ ነበርና።

አነሣሁት። ገና ሞቃት ነበር። ክብደቱ የለም ማለት ይቻላል፤ በመዳፌ ላይ ካለው ነገር ይልቅ ሙቀቱ ነበር የተሰማኝ። ሳገላብጠው ከጉሮሮው ሥር፣ በቡናማው ላባ መካከል፣ አራት አምስት ቀይ ላባ አየሁ። ደም መሰለኝና በጣቴ ጠረግሁት፤ አልጠፋም። ሆዱን ገልበጥ አድርጌ ስመለከት ደግሞ ጥቁር ላባ እዚህም እዚያም ቀርቷል። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልገባኝም። ከዚያ ቀስ እያለ ገባኝ።

ወፉን ይዤ ወደ አያቴ ሄድሁ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጠፍር ይጠግናሉ። «አባባ፣ እስቲ ይህን ይመልከቱ። የመስቀል ወፍ ናት እንዴ?» አልኋቸው። ተቀብለው አዩትና «አዎን፤ ምነው?» አሉኝ። «ሄዳለች አልነበረም?» ስላቸው ሥራቸውን አቁመው ትክ ብለው አዩኝ። «ወዴት ትሄዳለች ልጄ? ልብሷን ብታወልቅ አገሯን ለቀቀች ማለት ነውን? ዓመቱን ሙሉ ከዚሁ ከእኛው ጋር ናት» አሉኝ።

አያቴ ይህን ሁልጊዜ ያውቁ ነበር። እኛ ግን አልጠየቅናቸውም።

ካደግሁ በኋላ እንዳነበብሁት አያቴ የነገሩኝ ትክክል ነው። ያ ቀይ ልብስ የወንዱ የመራቢያ ወራት ልብስ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዱ ላባውን ለውጦ ይቀላል፤ ከረጅም ሣር መካከል ክብ ጎጆዎችን እየሸመነ ሴቶቹን ይጠራል። የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ቀዩ ላባ ይረግፍና እንደ ሴቶቹ ቡናማ ሆኖ ወደ መንጋው ይቀላቀላል። እንግዲህ እኔ በመስከረም ዕድል ያመጣል ብዬ የምጠብቀውና በጥቅምት ሌባ ብዬ የገደልሁት አንድ ወፍ ነበር። ከመስከረም እስከ ጥቅምት በጠባዩ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው ላባው ብቻ ነው። የእኔ ፍቅርም ጥላቻም በላባው ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ወፎች ሲጠፉ የት እንደሚሄዱ ያላወቅሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። የግሪኩ ሊቅ አርስቶትል እንኳ በክረምት የምትጠፋ አንዲት ወፍ ወደ ሌላ ዓይነት ወፍ ትለወጣለች ብሎ ጽፎ ነበር። በኋለኞቹ ዘመናትም ብዙ የአውሮፓ ሰዎች ጨረባ በክረምት በኩሬ ጭቃ ውስጥ ተኝታ ትከርማለች ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1822 ግን በጀርመን አገር አንዲት ሽመላ ተገኘች፤ በአንገቷ ውስጥ ከአፍሪካ የመጣ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጦር ተሰክቶ ነበር። ከነጦሩ በርራ ያን ሁሉ መንገድ አቋርጣ ነበር። ሽመሎች ክረምቱን በአፍሪካ እንደሚያሳልፉ ካሳዩት የመጀመሪያዎቹ ማስረጃዎች አንዷ እርሷ ሆነች፤ አካሏም ደርቆ እስከ ዛሬ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ይታያል።

የሽመላዋን ታሪክ ሳነብ ያ ቡናማ ወፍ ትዝ አለኝ። ሰዎች ስለ ሽመላ መንገድ የተማሩት በቁስሏ ነው፤ እኔም ስለ መስቀል ወፍ የተማርሁት በሞቱ ነው። ይሁን እንጂ ሌላ የመማሪያ መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. በ1899 ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የተባለ ዴንማርካዊ መምህር ቁጥር የተጻፈበት ቀላል የአሉሚኒየም ቀለበት በወፎች እግር ላይ እያሠረ መልቀቅ ጀመረ። ቀለበቱ ወፏን አይጎዳትም፤ የትም ብትገኝ ግን «ያቺው ናት» ለማለት ያስችላል። ይህ ሥራ በዓለም ሁሉ ተስፋፍቶ የወፎችን መንገድ አሳውቆናል። በግቢያችን ሣር ላይ የምትሮጠው ሆደ ቢጫ ወፍ ክብደቷ ከ20 ግራም እምብዛም አያልፍም፤ ነገር ግን በመስከረም ወደ እኛ የምትመጣው ከአውሮፓና ከእስያ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ተመልሳ ስትሄድ የዚያ አገር ገበሬ «ጸደይ ገባ» ይላል። የእኛም የእነርሱም የጸደይ ምልክት አንዲት ወፍ ናት። ሁለቱም ወገን «የእኛ ናት» ይላል፤ ሁለቱም እውነቱን ነው።

ከመካከላችሁ አንዱ «ወንድሜ፣ ነገሩን ለስሜት አጋደልኸው። ወፍ እኮ እህል ይበላል። የገበሬው ልጅ ተርቦ ስለ ላባ ቀለም ማውራት ምን ይጠቅማል?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ልሸሸው አልፈልግም። ግሪሳ የሚባለውን ወፍ ተመልከቱ። በስምጥ ሸለቆና በቆላው አገር በሚሊዮን እየሆነ ይወርዳል። አንዱ ወፍ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ይበላል፤ ይህ ከአንድ እፍኝ በታች ነው። መንጋው አንድ ሚሊዮን ከሆነ ግን በአንድ ቀን የሚጠፋው 100 ኩንታል ነው። ማሳው ባንድ ቀን የተራቆተበትን ገበሬ ፊት ለፊት ቆሞ «ወፍ ውበት ነው» ለማለት ድፍረቱ ያለው ማን ነው? በከተማ ተቀምጬ እህሌን ከወፍጮ ቤት የምገዛ እኔ ወፍን ብወድ የምከፍለው ነገር የለም። ዋጋ የማያስከፍል ፍቅር ደግሞ ገና ያልተፈተነ ፍቅር ነው።

ነገር ግን ጥያቄውን ከሌላው ወገንም እንየው። እ.ኤ.አ. በ1958 የቻይና መንግሥት አራት ጎጂ ፍጥረታት ይጥፉ ብሎ አወጀ፤ አይጥ፣ ዝንብ፣ ትንኝና ድንቢጥ። ድንቢጥ የተፈረደባት እህል ትበላለች ተብላ ነው። ሕዝቡ ሁሉ ወጥቶ ድስትና ቆርቆሮ እየደበደበ ድንቢጦች እንዳያርፉ ከለከላቸው፤ ደክመው ከሰማይ ወደቁ። ክሱ ሐሰት አልነበረም፤ ድንቢጥ በእርግጥ እህል ትበላለች። ነገር ግን ጫጩቶቿን የምታሳድገው በትልና በነፍሳት ነው። ድንቢጦቹ ሲያልቁ ሰብል የሚበሉ ነፍሳት በዙ። እ.ኤ.አ. በ1960 ድንቢጥ ከዝርዝሩ ወጥታ በምትኳ ትኋን ገባ። በዚያ ዘመን ለደረሰው ታላቅ ረሃብ ሌሎች ከባድ ምክንያቶች ነበሩት፤ የድንቢጦቹ ማለቅም ጉዳቱን ካባባሱት አንዱ እንደነበረ ይነገራል። እንግዲህ ስሕተቱ የት ላይ ነው? ድንቢጥ አንድ ጥፋት ስላላት ሌላው ሥራዋ ሁሉ ሳይመረመር «ጎጂ» የሚል አንድ ስም ተሰጣት። አንድ ቃል ብቻ ይዞ የሚፈርድ ዳኛ ጥፋተኛውንም ጠቃሚውንም አብሮ ይቀጣል።

ስለዚህ ከገበሬውና ከወፉ አንዱን ምረጡ አልላችሁም። አያቴም አልመረጡም። ያን ዕለት ማታ ፈራ ተባ እያልሁ «አባባ፣ ነገ ልጠብቅ ወይስ ልተው?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ትጠብቃለህ እንጂ! እህሉ የእናትህ ልፋት ነው» አሉኝ። ጥቂት ቆይተው ግን «ለማባረር ወርውር፤ ለመግደል አትወርውር። ሁለቱ አንድ ድንጋይ ቢሆኑም አንድ ሥራ አይደሉም» አሉ። እኒህ ሰው ወፍን በነፃ የሚወዱ አልነበሩም። ወፎቹ የሚበሉት የራሳቸውን ጎተራ ነበር። ቢሆንም የሚቃወሙትን ፍጥረት ሳይጠሉት መቃወም ይችሉ ነበር። እኔ ከመጽሐፍ ካነበብሁት ሁሉ የእርሳቸው ቃል ይከብድብኛል።

በወንጌል ድንቢጥ በርካሽ ዋጋ እንደምትሸጥ፣ ሆኖም በአምላክ ዘንድ የተረሳች እንዳልሆነች ተጽፎ እናገኛለን። ይህን ብዙ ጊዜ የምንሰማው እኛ ከድንቢጥ እንደምንበልጥ ለመጽናናት ነው። መጽናናቱ መልካም ነው። ነገር ግን አለመርሳት የአምላክ ሥራ ከሆነ፣ በመልኩ የተፈጠረ ሰውስ ማየትና አለመርሳት አይገባውምን?

እስከዚህ ድረስ ስለ ወፍ ተናገርሁ። አሁን ስለ ሰው ልናገር፤ ይህን ክፍል መጻፍ ግን ከብዶኛል።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን አንድ ወንድም አለ። ስሙን አልጽፍም፤ እንድጽፍ ግን ፈቅዶልኛል። በመስቀል ደመራ ዕለት ነጭ ለብሶ ከበሮ ሲመታ ያየ ሰው ዓይኑን ከእርሱ ላይ ማንሣት አይችልም። እኔም «ጓደኛዬ ነው» እያልሁ በአጠገቤ ላሉት አሳየው ነበር። ኅዳር ላይ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በአንድ የሕንፃ ሥራ አጠገብ ሳልፍ አንድ የቀን ሠራተኛ የሲሚንቶ ከረጢት ተሸክሞ ከፊታችን አቋረጠ። ፀጉሩም፣ ሽፋሽፍቱም፣ ልብሱም አመድ መስሏል። ቀና ብሎ አየኝ። እርሱ ነበር። እኔም አየሁት፤ ከዚያም ፊቴን ወደ ሌላ አዞርሁና ከጓደኞቼ ጋር የጀመርሁትን ወሬ ቀጠልሁ። ለራሴ «አላወቅሁትም» ብዬ ነገርሁት።

በሰንበት ስንገናኝ «ማክሰኞ ዕለት አይተኸኝ ነበር አይደል?» አለኝ። «ኧረ በፍጹም፣ አላወቅሁህም!» አልሁት። እርሱም ፈገግ ብሎ «እውነትህን ነው፤ ሲሚንቶ መልክ ይለውጣል» አለኝና ከበሮውን ሊያመጣ ሄደ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እነሆ፣ በልጅነቴ በማሽላው ማሳ የሠራሁትን ሥራ አድጌ በከተማ ደገምሁት። በመስከረም በቀይ ላባው የኮራሁበትን ወንድም በኅዳር በቡናማ ላባው አላውቅህም አልሁት። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የማሽላው ወፍ የመስቀል ወፍ መሆኑን በእርግጥ አላውቅም ነበር። ይህኛውን ግን አውቄዋለሁ። ባለማወቅ የተወረወረ ድንጋይ ይቅርታ ሊኖረው ይችላል፤ እያወቁ ዓይንን ማዞር ግን ድንጋይ የሌለው ውርወራ ነው።

ከዚህ የተነሣ እንዲህ ወደሚል አሳብ ደርሻለሁ። ፍቅር የሚጀምረው ከስሜት ሳይሆን ለይቶ ከማየት ነው። «ወፍ» ብሎ በጅምላ የሚጠራ ሰው ወፎችን አይወድም፤ ቢወድም የሚወደው ቀዩን ብቻ ነው። «የቀን ሠራተኛ»፣ «ሊስትሮ»፣ «ለማኝ»፣ «የቤት ሠራተኛ» ብሎ በጅምላ የሚጠራም እንዲሁ ነው። እነዚህ ስሞች ሥራን ወይም ችግርን ይናገራሉ እንጂ ሰውን አይናገሩም። ሰው ሁሉ በሕይወቱ አንዳንድ የመስከረም ቀናት አሉት፤ የሠርጉ ቀን፣ የምረቃው ቀን፣ የበዓሉ ቀን። በእነዚያ ቀናት ሁላችንም እናየዋለን፤ እናጨበጭብለታለን። የቀሩት ቀናት ግን የቡናማ ላባ ቀናት ናቸው፤ የሚበዙትም እነርሱ ናቸው። ወንድሙን በበዓሉ ቀን ብቻ የሚያውቀው ሰው ገና አላወቀውም።

ለይቶ ማየት ማለት ጥፋትን አለማየት አይደለም። ወፉ በእርግጥ እህል ይበላል፤ ሰውም በእርግጥ ይበድላል። ማሳችንን እንጠብቅ። ነገር ግን ስንጠብቅ አያቴ እንዳሉት በአንዱ ድንጋይ ሁለት ሥራ እንዳለ አንርሳ። ስሕተትን ለማረም የሚነገር ቃልና ሰውን ለመጣል የሚነገር ቃል ከአንድ አፍ ይወጣሉ፤ ቃሉም አንድ ሊሆን ይችላል። አንዱን ከሌላው የሚለየው ተናጋሪው ከፊቱ ያለውን ሰው ማየቱ ወይም አለማየቱ ነው።

ይህ ጽሑፍ ከመባዛቱ በፊት ወደዚያ ወንድም ሄጄ እውነቱን ነገርሁት። «ማክሰኞ ዕለት አይቼህ ነበር፤ አፍሬ ነው» አልሁት። ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ «አውቅ ነበር። እስክትነግረኝ እየጠበቅሁህ ነበር» አለኝ። አሁን በሥራው ቦታ በኩል ሳልፍ ቆሜ ሰላም እለዋለሁ፤ እጁን ስጨብጠው ሲሚንቶው እጄ ላይ ይቀራል።

የአክስቴን ልጅ በተመለከተ ደግሞ አልተቆጣሁትም። በሚቀጥለው ማለዳ አጠገቤ አስቀምጬ «እስቲ ሻዩ እስኪፈላ ስንት ዓይነት ታያለህ?» አልሁት። በመጀመሪያ «ሁሉም ወፍ ናቸው» አለኝ። ቀጥሎ አፈ ረጅሟን ለየ፤ ከዚያ ነጭ ማጅራት ያላትን፤ ከዚያ ጭራዋን የምትነቀንቀውን። አምስት ላይ ሲደርስ ዘወር ብሎ «ይቺ ቢጫዋ ግን ባለፈው ክረምት የት ነበረች?» ብሎ ጠየቀኝ። የማውቀውን ያህል ነገርሁት። ጠጠር መወርወሩን ፈጽሞ ተወ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ያቺን ቢጫ ግን አይወረውርባትም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በርእሱ ላይ ላነሣሁት ጥያቄ መልሱ አጭር ነው። የመስቀል ወፍ የትም አትሄድም። ዓመቱን ሁሉ ከእኛው ጋር ናት፤ በአጥራችን ላይ፣ በማሳችን ጥግ፣ በማናስተውለው መንጋ ውስጥ። እንደምትሄድ አድርገን የምንናገረው እኛ ነን። በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን በግቢያችን ከምናያቸው ወፎች የአንዲቱን ስም ከአንድ አዛውንት ጠይቀን እንማር። ከዚያም በየቀኑ አጠገቡ ከምናልፈው ሰው የአንዱን ስም ራሱን ጠይቀን እንወቅ። ሁለቱም ቀላል ይመስላሉ። ሞክሩትና ሁለተኛው እንዴት እንደሚከብድ ታያላችሁ፤ ሳይዘገይ ግን ይሁን።